«መጣ!» ያልነው መብራት

እንጭኒ ውስጥ መብራት መምጣቱን መጀመሪያ የሚያውቁት ልጆች ናቸው። ትልቅ ሰው ገና ቀና ብሎ አምፖሉን ሳያይ እነሱ «መጣ!» ብለው ሰፈሩን ያዳርሱታል፤ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ «ዱፌ!» እያለ በኦሮምኛ። እኔም በልጅነቴ ስጮህ ነው ያደግኩት። በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም አንድ ምሽት ግን ያ ጩኸት ሲሰማ ጎረቤት ቤት ሁለተኛውን ቡና ይዤ ተቀምጬ ነበር። ሁሉም ሰው «ተመስገን» አለ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰፈር ጨለማ ነው። ከእኛ በላይ ያለውም ጨለማ ነው። የበራው የእኛ ቤት፣ የተቀመጥኩበት ቤት እና ከጎኑ ያለው ቤት ብቻ ነው። ሲኒውን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም፤ በባዶ እግሬ ጭቃው ውስጥ እየሮጥኩ ነበር።

ለምን እንደሮጥኩ ለመንገር ከዲፕ ፍሪዘሩ ልጀምር።

እንጭኒ ከሆለታ ተገንጥሎ ወደ ሙገር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የአደዓ በርጋ ወረዳ ከተማ ናት። የማያውቃት ሰው በሲሚንቶ መኪኖች ያውቃታል፤ የሙገርና የዳንጎቴ ፋብሪካዎች ከእኛ ወዲያ ስለሆኑ ከባድ መኪና ቀንና ሌሊት ያልፋል። እኛ ግን ራሳችንን የምናውቀው በብርዱ፣ በገብሱና በወተቱ ነው። እናቴ ወተት ሰብሳቢ ናት። ማታና ጠዋት ከገበሬው ትረከባለች፣ ታቀዘቅዛለች፣ በማለዳ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ መኪና ትጭናለች። በፍስክ ይሄ ቀላል ነው፤ ወተቱ ሳያድር ይሸጣል። ጾም ሲገባ ግን ፈላጊው ይቀንሳል፣ ላሟ ደግሞ ጾም አታውቅም። ስለዚህ ወተቱ ያድራል፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ይሰነብታል። ያን ጊዜ የእናቴ ኑሮ ሙሉ በሙሉ የተንጠለጠለው አንድ ነጭ ዲፕ ፍሪዘር ላይ ነው።

የመጀመሪያው ፍሪዘር የተቃጠለው መብራት ጠፍቶ አይደለም። መብራት ኖሮ ነው። ይሄንን ለብዙ ሰው ማስረዳት ያቃተኝ ነገር ነው። የእኛ ቤት ከትራንስፎርመሩ በጣም ሩቅ ነው፣ የመስመሩ ጭራ ላይ። ግድግዳ ላይ 220 ቮልት መኖር ሲገባው ማታ ማታ እኔው ራሴ በመለኪያ 163 አግኝቼ አውቃለሁ። አምፖሉ እንደ ኩራዝ ቢጫ ይሆናል፣ ስታብላይዘሩ «ጠቅ፣ ጠቅ» እያለ ሌሊቱን ያነጋል፣ የፍሪዘሩ ሞተር ደግሞ ለመነሳት ይታገላል፣ ያጉረመርማል፣ ይግላል። አንድ ቀን ማጉረምረሙን ተወ።

ሂሳቡ እኮ የስምንተኛ ክፍል ፊዚክስ ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፒር። ከትራንስፎርመር 500 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ቤትን አስቡ። ሽቦው 50 ካሬ ሚሊሜትር አልሙኒየም ቢሆን፣ መሄጃውና መመለሻው ተደምሮ 0.64 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው። አንድ ምጣድ 10 ቮልት መንገድ ላይ ያስቀራል። ሁለት ጎረቤታሞች እኩል ከጣዱ 20 ቮልት። አምስት ሴቶች በአንድ ፌዝ ላይ፣ ያውም ለበዓል ዋዜማ፣ እንጀራ ሲጋግሩ ምን እንደሚሆን እናንተው ደምሩት። ሽቦው ከዚህ ከቀጠነ ወይም መገጣጠሚያው ከዛገ ደግሞ የባሰ ነው። ማንም ጥፋተኛ አይደለም፤ ሁሉም እንጀራ ነው የሚጋግረው።

ሁለተኛውን ፍሪዘር ስንገዛ «በቃ ሶላር አስገባለሁ» አልኩ። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነው የተመረቅኩት፤ ከዚያ ወዲህ ግን አዲስ አበባ ኮድ ስጽፍ ነው የምውለው። ስለዚህ ሰፈር ውስጥ «ኢንጂነሯ» ነኝ፣ ለራሴ ግን ብየዳ ብረት ይዤ የማላውቅ ሰው ነኝ። መርካቶ ሄጄ ሁለት ባለ 450 ዋት ፓኔል፣ ባትሪ፣ ቻርጅ መቆጣጠሪያ እና 2,000 ዋት ርካሽ ኢንቨርተር ገዛሁ። ቆርቆሮው ላይ ከአጎቴ ጋር ወጥተን አሰርነው። የመጀመሪያው ቀን ባትሪው ሲሞላ የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም። ኮድ ሲሠራ ስክሪን ላይ ነው የምታዩት፤ ይሄ ግን ወተት ሲያቀዘቅዝ በእጅ ይዳሰሳል።

አንድ ሥራ ቀረኝ። የኢንቨርተሩን ኃይል ወደ ቤቱ እንዴት ላስገባው? ትክክለኛው መንገድ የታወቀ ነው። ወይ ፍሪዘሩና ጥቂት አምፖሎች የራሳቸው የተለየ መስመር ይዘረጋላቸዋል፣ ወይ ደግሞ ቆጣሪው አጠገብ ቼንጅ ኦቨር ይገጠማል፤ እጀታው ወደዚህ ሲሆን መስመሩ፣ ወደዚያ ሲሆን ሶላሩ፣ ሁለቱ ግን በምንም ተዓምር አይገናኙም። የሰፈሩ ኤሌክትሪሺያን ይሄንኑ ነገረኝ። እኔ ግን ሰኞ ሥራ ነበረኝ፣ ግድግዳው ጭቃ ቤት ነው፣ መቆፈር አስጠላኝ። ሁለቱም ጫፉ ወንድ የሆነ ገመድ ሠራሁ። አንዱን ጫፍ ኢንቨርተሩ ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ሶኬት ላይ ትሰካላችሁ፤ ሶኬቱ ኃይል መቀበያ መሆኑ ቀርቶ ኃይል መስጫ ይሆናል፣ ቤቱ በሙሉ ይበራል። ይሄን ዓይነት ገመድ ብዙ ቦታ ታዩታላችሁ፤ ባለ ጄኔሬተር ሱቆችም ይጠቀሙበታል። ፈረንጆቹ «ራስን የማጥፊያ ገመድ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለታል። ያን ጊዜ ግን ብልህ የሆንኩ ነው የመሰለኝ።

አንድ ሁኔታ ብቻ አለው፤ ገመዱ ከመሰካቱ በፊት የቆጣሪው ዋና ብሬከር መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ኃይሉ ከቤት ወጥቶ፣ በቆጣሪው አልፎ፣ ወደ ምሰሶው ይሄዳል። ይሄን ስለማውቅ በትልልቅ ፊደል ጽፌ ከሶኬቱ በላይ ለጠፍኩ። 1. ብሬከሩን አጥፊ። 2. ገመዱን ሰኪ። 3. ኢንቨርተሩን አብሪ። እናቴን ሁለት ጊዜ አለማመድኳት። «ገብቶኛል፣ ሂጂ ይመሽብሻል» አለችኝ።

አሁን ሳስበው ያ ወረቀት ያስቀኛልም ያሳፍረኛልም። መብራት ሲጠፋ የሚነበብ ወረቀት ለማንበብ መብራት የሚፈልግ ቦታ ላይ ለጥፌ ነበር።

ወደዚያ ምሽት ልመለስ። ከሰዓት ዝናቡ ከንፋስ ጋር ወረደና የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ከእኛ ምሰሶና ከእሱ በፊት ባለው መሐል አንዱን ሽቦ በጠሰው። ከዚያ ምሰሶ የሚወስዱት ሦስት ቤቶች ናቸው፤ እኛና ሁለቱ ጎረቤቶቻችን። ሽቦው ከእኛ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ጫፉ የጎረቤት አጥር ላይ ወድቋል። የመስመር ሠራተኛው ሲመሽ መጣ። ትራንስፎርመሩ ጋር ሄዶ ፊውዞቹን አወጣ፤ ስለዚህ መላው ሰፈር ጨለመ፣ ለእሱ ግን መስመሩ ሞተ ማለት ነው። ምሰሶው ሥር መጥቶ በቴስተር ነካ፣ ምንም የለም። የእግር መንጠቆውን አጥልቆ ወጣ። የወደቀውን ሽቦ በገመድ አስሮ ወደ ላይ መሳብ ጀመረ።

በዚያው ሰዓት እናቴ በጨለማ ወተቱን አሰበች። በዳበሳ ሄዳ ገመዱን ሰካች፣ ኢንቨርተሩን አበራች። ቁጥር ሁለትና ቁጥር ሦስት።

ኢንቨርተሩ ለምን ወዲያው አልጠፋም ትሉ ይሆናል። ትክክል ናችሁ፤ 2,000 ዋት መሣሪያ መላውን ሰፈር ሊሸከም አይችልም፣ ሌላ ቀን ቢሆን ከመቅጽበት «ቲት» ብሎ ይቆም ነበር። ያን ቀን ግን ሽቦው ተበጥሶ ሦስቱን ቤቶች ከዓለም ነጥሏቸዋል። ሦስት ቤት ውስጥ ጥቂት አምፖል፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ፍሪዘር። ማንም ምጣድ አልጣደም። ለኢንቨርተሩ ቀላል ሸክም ነው። ያለ ማንም ፈቃድ ሦስት አባወራ ያለው የኤሌክትሪክ ደሴት አቋቁመን ነበር። እና ልጆቹ ጮኹ።

ምሰሶው ሥር ስደርስ ሰውዬው ሁለት እጁን ከሽቦው አንስቶ ምሰሶውን አቅፎ ቆሟል። ተንጠልጥሎ የነበረው ሽቦ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ በገመዱ እየተወዛወዘ ነው። «አትንካው! አትንካው! የእኛ ነው!» እያልኩ አለፍኩትና ቤት ገብቼ ገመዱን ነቀልኩ። እናቴ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። ሦስቱ ቤቶች ጠፉ። ልጆቹ «ኧረረረ» አሉ፣ ተበሳጭተው።

ሰውዬው ቀስ ብሎ ወረደ። አርባዎቹን የተሻገረ፣ ቀጭን፣ የዝናብ ካፖርቱ ጉልበቱ ጋር የተቀደደ ሰው ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ «ይቅርታ ጋሼ፣ የእኔ ጥፋት ነው፣ ሶላር ነው፣ እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኩት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «የሞተ ነው ብዬ ነው የወጣሁት» አለ። ቀጥሎ «እነዚህ ልጆች ባይጮሁ ቀና ብዬ አላይም ነበር» አለ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ ከልቡ የሚጠይቅ በሚመስል ድምፅ፣ «ኢንጂነር ነሽ ይሉኛል፤ እውነት ነው?»

ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ትመጣብኛለች፤ ኮድ ስጽፍም ጭምር።

እናቴን አንድም ቃል አልተናገርኳትም፤ የምናገረው ስላልነበረኝ ነው። በእኛ ሥራ «ተጠቃሚው ተሳስቶ ነው» የሚል የተለመደ ማመካኛ አለ። ሰው የሚገድል ነገር ሠርቼ፣ እንዳይገድል የሚያደርገውን ብቸኛ እርምጃ በጨለማ ውስጥ ለምትዳብስ፣ ወተቷ ለሚበላሽባት ሴት ማስታወስ ትቼ ነው። ቼንጅ ኦቨሩ ያን ጊዜ ከገመዱ ትንሽ ነው የሚወደደው። ጠቅላላው ቁጠባዬ የአንድ ቅዳሜ ቁፋሮ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰውዬው ፊውዞቹን አውጥቶ ባይሆንና የተበጠሰ ሽቦ ባይኖር ኖሮ ኃይሉ ወደ ትራንስፎርመሩ ይሄድ ነበር። ትራንስፎርመር ወደ ፊትና ወደ ኋላ አያውቅም። በእኛ በኩል ያለው 15 ሺህ ቮልት ገብቶ 220 እንዲወጣ የተሠራ ነው፤ ከታች 220 ከሰጡት ከላይ 15 ሺህ ያወጣል። ኢንቨርተሩ ሸክሙ ከብዶት እስኪጠፋ ያለችው ቅጽበት ለአንድ ሰው ትበቃለች።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ሌሊት ሌሊት የማነበው ይሄንኑ ሆነ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ «አይላንዲንግ» የሚለውን ቃል ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ ደሴት መፍጠር ማለት ነው። በሌላው ዓለም ጣሪያ ላይ ያለ ሶላር በብዛት ከመስመሩ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ቤቱ የተረፈውን ለሰፈሩ ይሸጣል። እንዲህ ዓይነቱ ኢንቨርተር የመስመሩን ምት እየሰማ ነው የሚሠራው። መስመሩ ከሞተ እሱም መሞት አለበት፤ በአሜሪካው መስፈርት በ2 ሰከንድ ውስጥ። ግን መስመሩ መሞቱን በምን ያውቃል? ልክ እንደ እኛ ሦስት ቤቶች፣ ሸክሙና ምርቱ በአጋጣሚ ከተመጣጠነ ሁሉም ነገር ደኅና ይመስላል። ስለዚህ ኢንቨርተሩ በየጊዜው መስመሩን ትንሽ ይገፈትረዋል፤ ፍሪኩዌንሲውን ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ትልቁ መስመር ካለ አይነቃነቅም። ብቻውን ከሆነ ግን ተገፍትሮ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ «ማንም የለም» ብሎ ይዘጋል። ሰርቨር ሕያው መሆኑን ለማወቅ «አለህ?» እያለ የሚጠይቅ ፕሮግራም ለጻፈ ሰው ይሄ የሚገርም ውበት አለው። የእኔ የመርካቶ ኢንቨርተር ግን ማንንም የማይጠይቅ ነው። ለብቻው እንዲኖር የተሠራ ነው፤ ወደ መስመሩ የከተትኩት እኔ ነኝ።

ጀርመኖች ደግሞ በተቃራኒው ተቸግረው ያውቃሉ። ሶላር ጥቂት በነበረበት ዘመን፣ የመስመሩ ፍሪኩዌንሲ ከ50 ተነስቶ 50.2 ኸርዝ ከደረሰ ኢንቨርተሮች በሙሉ እንዲጠፉ ደንብ ወጣ። ያኔ ምክንያታዊ ነው። ከዓመታት በኋላ ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጣሪያዎች ያቺን አንዲት ቁጥር ይዘው ቁጭ አሉ። አንድ ፀሐያማ ቀን ፍሪኩዌንሲው 50.2 ቢነካ፣ በርካታ የኃይል ማመንጫ የሚያህል ኃይል በአንድ ቅጽበት ሊጠፋ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣ ደንብ ከ300 ሺህ በላይ ተከላዎች እንዲስተካከሉ ተወሰነ፤ ቴክኒሺያን በር እያንኳኳ። ኮድ ውስጥ ቁጥር በደረቁ የጻፈ ሁሉ ይሄን ታሪክ ያንብብ። ሃዋይ ላይ ግን በ2015 እ.ኤ.አ. አንድ አምራች ወደ 800 ሺህ የሚጠጉ ትንንሽ ኢንቨርተሮችን በኢንተርኔት፣ ከሩቅ፣ በአንድ ቀን አስተካከለ። አንደኛው በር ማንኳኳት፣ ሌላው አንድ ቁልፍ መጫን። የቱ ይበልጥ እንደሚያስፈራኝ እርግጠኛ አይደለሁም።

ወደ እኛ ሂሳብ ስንመለስ፣ ያ 0.64 ኦም በሁለቱም አቅጣጫ ነው የሚሠራው። ምጣድ ቮልቴጁን እንደሚያወርድ ሁሉ፣ ቀትር ላይ ማንም በማይጠቀምበት ሰዓት ጣሪያ ላይ ያለ 5 ኪሎዋት ወደ መስመሩ ቢገፋ 23 አምፒር ነው፤ 15 ቮልት ያህል ያነሳዋል። አውስትራሊያ ውስጥ ከሦስት ቤት አንዱ ያህል ጣሪያው ላይ ሶላር አለው፤ እዚያ ችግሩ የቀትር ከፍታ ነው፣ እኛ ጋር የምሽት ዝቅታ። መነሻው 230 በሆነበት የአውሮፓ መስመር 253 ሲያልፍ ኢንቨርተሮች ራሳቸውን ይዘጋሉ፤ የመስመሩ ጭራ ላይ ያለው ጎረቤት ፀሐይ እያለ ፓኔሉ ይጠፋበታል፣ ትራንስፎርመሩ አጠገብ ያለው ግን ይሸጣል። ጭራ ላይ መሆን የትም ቢሆን ጭራ ላይ መሆን ነው።

አንድ ሰው እዚህ ላይ «እንጭኒ ማን ኃይል ይሸጣል?» ሊለኝ ይችላል። አዎ፣ ማንም። አገራችን ውስጥ ሶላር ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው መስመር ያልደረሰበት ገጠር ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራምም 65 በመቶውን ሕዝብ በመስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጭ ለማዳረስ ነበር ያቀደው። መስመር ያለው ከተሜ ሒሳብ ለመቀነስ ብሎ ፓኔል አይገዛም፤ ለዓመታት የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ ሆኖ ማን ይገዛል? ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ነው፣ ምናልባት ይሄ ነገሩን ይቀይረው ይሆናል። የእኛ ሰፈር ሰው ግን የሚገዛው እምነት ነው፤ ወተቱ እንዳይበላሽ፣ ፀጉር ቆራጩ ደንበኛውን ግማሽ ተላጭቶ እንዳይልከው።

ስለዚህ በእኛ መንገድ ላይ ያየሁት የሶላር ጫና መጽሐፍ ላይ ካነበብኩት ይለያል። ባለ ሱቁ፣ ፀጉር ቤቱና ሌላ አንድ ግቢ የገዙት ሃይብሪድ የሚባለውን ነው፤ በፀሐይም በመስመርም ባትሪ ይሞላል። የእኔን ዓይነት አደጋ አያመጣም፣ መቀየሪያው ውስጡ ነው። ግን መብራት ቆይቶ ሲመጣ ተመልከቱ። ሁሉም ፍሪጅ እኩል ይነሳል። ሲጠብቅ የነበረ ምጣድ ሁሉ ይሰካል። እና እነዚህ ባትሪዎች፣ ተርበው የቆዩ፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ኪሎዋት በላይ መሳብ ይጀምራሉ። ቮልቴጁ ይወርዳል፣ አንዳንዴ ፊውዙ ይሄዳል፣ «መጣ!» ከተባለ ከአምስት ደቂቃ በኋላ «ሄደ» ይባላል። ፓኔል የሌላት፣ ስታብላይዘር የሌላት አሮጊት ቤት አምፖሏ ይበልጥ ቢጫ የሚሆነው፣ በከፊል፣ እኛ ፓኔል ስላለን ነው። ይሄ ያስጨንቀኛል። መፍትሔው ደግሞ የሚያናድድ ቀላል ነው፤ ኢንቨርተሩ ሜኑ ውስጥ ገብቶ «ባትሪውን በፀሐይ ብቻ ሙላ» ወይም «ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሙላ» ማለት። ሜኑው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ በምሕጻረ ቃል፣ እኔም መመሪያውን ሁለቴ አንብቤ ነው የገባኝ። ሦስቱንም ቤት ዞሬ አስተካክዬላቸዋለሁ። ባለ ሱቁ በማግስቱ መልሶታል፤ ክረምት ነው፣ ፀሐይ የለም፣ ምን ይሙላው?

እሱም እውነት አለው። እንጭኒ ውስጥ መስመር የሚበጠሰው በክረምት ነው፣ ፓኔሉም የሚደክመው በክረምት። ጉም በዋለበት ቀን የእኔ ሁለት ፓኔሎች በጋ ላይ ከሚሰጡት ሲሶውን ቢሰጡ ነው። የሚገርመው፣ ለአገር ሲሆን ሒሳቡ ይገለበጣል። ኃይላችን በአብዛኛው ከውኃ ነው፤ በክረምት ግድቡ ይሞላል፣ በበጋ ውኃው ሲቀንስ ደግሞ ፀሐይ በሽ ነው። ለአገሪቱ ሶላርና ግድብ እንደ ባልና ሚስት የሚደጋገፉ ናቸው፤ ለእናቴ ጣሪያ ግን ሁለቱም በአንድ ቀን ነው የሚጠፉባት።

ጷጉሜ 4 ቀን 2017 የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ እንጭኒ ነበርኩ። 5,150 ሜጋዋት። ሰው በእውነት ደስ ብሎታል፣ እኔም። እናቴ «እንግዲህ ፓኔሉን ልናወርደው ነዋ?» አለችኝ። ከጉባ እስከ እንጭኒ ያለው ችግር ሌላ ነው፣ ከትራንስፎርመሩ እስከ እኛ ቤት ያለው 500 ሜትር ሌላ ነው አልኳት። አልተዋጠላትም። ፓኪስታንን ነገርኳት፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ብቻ ወደ 17 ጊጋዋት የሚጠጋ ፓኔል ከቻይና አስገብተዋል፣ ከሕዳሴ ግድብ ሦስት እጥፍ በላይ፣ አብዛኛው በየጣሪያው። የከፈሉት ሀብታሞቹና ፋብሪካዎቹ ናቸው፤ እነሱ ከመስመሩ ሲቀንሱ የምሰሶውና የማመንጫው ወጪ ለቀሩት ይከፋፈላል፣ የቀሩትም ታሪፉ ሲጨምር ፓኔል ይገዛሉ። «ታዲያ የመጨረሻው ሰው ማን ነው?» አለችኝ እናቴ። መልስ አልነበረኝም። እሷ ግን ወዲያው «መቼም እኛ ነን፣ ጭራው ላይ ያለነው» ብላ ወተቷን ልታይ ሄደች።

ገመዱን ያን ምሽት በመቀስ ቆርጬዋለሁ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጭቃውን ግድግዳ ቆፍረን፣ ያ ኤሌክትሪሺያን ቼንጅ ኦቨር ገጠመልን፤ ብዙ ወሬ ሳያወራ፣ «ነግሬሽ ነበር» ሳይለኝ። እጀታው ትልቅ ቀይ ነው፣ በጨለማም ይዳበሳል። ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩት።

የመስመር ሠራተኛውን ካየሁት ቆየሁ። ባለፈው ጥር ለጥምቀት ስሄድ ግን በር አንኳኩቶ ገባ። እናቴ ቡና አፈላች። ስለ ዝናቡም ስለ ዛፉም አላነሳም። ከቡናው በኋላ ተነስቶ ቼንጅ ኦቨሩን አየው፣ እጀታውን ወደ ሶላር አደረገው፣ ወደ ቆጣሪው ሄዶ ቴስተሩን ከኪሱ አወጣና ነካ። ምንም። መለሰው፣ ደገመው። እንደገና ደገመው። ከዚያ ቁጭ ብሎ ሁለተኛውን ቡና ተቀበለና «ለእኔ ቤት ስንት ፓኔል ይበቃል?» አለኝ።